ኻሚስ ያሉት፣ እኔ የጻፍኩት

ውድ አቶ ኻሚስ፣

ይህን ወረቀት የሚያነብልዎ መምህር ዲሳሳ ነው። ወደ መንጌ ሊመለስ ሲል ገበያ ላይ አግኝቼው፣ "አደራ፣ እንደ ጻፍኩት አንብብላቸው፤ እንዳታሳምርልኝ" ብዬዋለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልኩት ወደ ታች ሲወርድ ይገባዎታል። ትንሽ ስለሚረዝም ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ።

አሶሳ ጥር ገብቷል። ሳሩ እየተቃጠለ ስለሆነ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ አመድማ ነው፤ ፀሐይዋን ትክ ብሎ ማየት ይቻላል። ሰው ከሩቅ ሲመጣ እግሩ መሬት የነካ አይመስልም። እንዲህ ባለ ቀን ሥራ ፈትቼ መስኮቱ ጋ ስቀመጥ ድምፅዎ ይመጣብኛል። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ከሽመሉ፣ ከቀርከሃው መሃል ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከራሴ ጆሮ ውስጥ።

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ጊዜ የምክር ቤታችን ጽሕፈት ቤት ሁለት ክፍልና አንድ የጽሕፈት መኪና ብቻ እንደነበረው ያስታውሳሉ። እርስዎን ፌዴሬሽን ምክር ቤት አባል አድርገው አዲስ አበባ ላኩዎት፤ እኔን መኪናው ፊት አስቀመጡኝ። ከስብሰባ በተመለሱ ቁጥር የተናገሩትን በካሴት አስቀድተው ያመጡልኝ ነበር። "አስረሳሽ፣ አንተ ይሄን ጻፈ፤ እኔ ለሀገር ሰው ያስነብባል" ይሉኛል። አንተ እያሉ ሲጠሩኝ አንድም ቀን አላረምኩዎትም። ደስ ይለኝ ነበር። እንደ እርስዎ የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

በሦስት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ እጅዎን አውጥተው ተናግረዋል። ስምንቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባላቱ ብሔረሰብ ይባል ሕዝብ ይባል እያሉ ሲከራከሩ የዋሉ ቀን የተናገሩት እስከ ዛሬ በቃሌ ነው፦ "እኔ ሀገር ልጅ ሲወለድ ስም ያወጣል፣ ከዚያ ይበላል። እዚህ ጠዋት ስም፣ ማታ ስም። ልጁ መቼ ይበላል?" ካሴቱ ውስጥ አዳራሹ ሲስቅ ይሰማል። ከሳቁ በኋላ ጸጥታ አለ፤ እርስዎ ወንበርዎን ስበው ይቀመጣሉ። ያንን የወንበር ድምፅ ሳይቀር እየመለስኩ እሰማው ነበር። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ዝናቡም አዳራሹም እርስዎም አንድ ይሆኑብኛል። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ስሜቱን ምን ብዬ እንደምጠራው አላወቅሁም፤ ዛሬም አልጠራውም።

አሁን ወደ ስምንተኛው ካሴት ልምጣ።

የዚያን ዓመት የክርክሩ ጉዳይ የእኛ የሰፋሪዎቹ አቤቱታ ነበር። በወረዳችን የአካባቢውን ቋንቋ የማይችል ሰው ለምርጫ አይቀርብም ተብሎ፣ ከወሎ የመጡት አባቶቻችን ማመልከቻ ጽፈው ነበር። ከፈረሙት አንዱ አባቴ አቶ ቢሻው ነው። መወዳደር ይፈልግ ነበር። ማመልከቻውን በዚያችው የጽሕፈት መኪና የጻፍኩላቸው እኔ ነበርኩ። ጉዳዩ አዲስ አበባ ደርሶ ለእርስዎ ምክር ቤት ሲቀርብ፣ የበርታ ሰው እንደመሆንዎ ምን እንደሚሉ አባቴ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። እኔም።

ካሴቱን አስገብቼ ተጫንኩት። እንዲህ ይላሉ፦

"ሰብሳቢው፣ እኔ አማርኛ ሰበረ። ሁሉ ሰው ሰማ፣ ሳቀ። ግን ማንም ውጣ አላለም። እኔ በሰባራ አማርኛ እዚህ ገባ። እነሱ በሰባራ በርትኛ እዚያ ቢገባ ምንድነው? አንድ ዓመት ይስቃል። ከዚያ ይለምዳል። ግን ይናገር። ዝም ብሎ አይግባ። ይሞክር፣ ይስበር።"

ሦስቴ አዳመጥኩት። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። ለእርስዎ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር። ይህ ወረቀት ላይ ወጥቶ ሲነበብ ሰው ይስቅብዎታል ብዬ ሰጋሁ። ደግሞም ልደብቅዎ አልችልም፤ "ይሞክር፣ ይስበር" ያሉት አልተዋጠልኝም። አባቴ እንዲማር ሳይሆን እንዲፈቀድለት ነበር የፈለግሁት። እናም ሁሉንም ሰርዤ በምትኩ ይህን ጻፍኩ፦ "የሰፋሪው ሕዝብ የመምረጥና የመመረጥ መብት ያለ አንዳች ገደብ ሊከበርለት ይገባል።" ዓረፍተ ነገሩ የእኔም አልነበረም። ቃል በቃል ከአባቴ ማመልከቻ የተቀዳ ነበር።

መስከረም ላይ ንግግርዎ የሚነበብላቸው የበርታ ሽማግሌዎች ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት ማንጎዎች ሥር ተሰበሰቡ። እንደ ሁልጊዜው እኔ አነበብኩ፤ ዲሳሳ ወደ በርትኛ መለሰው። ያችን ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ ሼህ አጠይብ፣ እጃቸውን አነሡ። ንፋስ እንኳ አልነበረም። ቅጠሉ ሁሉ ቆሞ ነበር።

"ይህን ሰምቼዋለሁ" አሉ። "ሰፋሪዎቹ ወረዳ ላይ ባስነበቡት ወረቀት ውስጥ አለ። አንተ ኻሚስ፣ ይህ ያንተ አፍ ነው ወይስ የእነሱ?"

እርስዎ ወደ እኔ ተመለከቱ። ንባቡን ሲሰሙ እንደ ገባዎት ፊትዎ ላይ አየሁት። ጽፌ ስጨርስ የመለስኩልዎ ካሴት ደረት ኪስዎ ውስጥ ነበር፤ ቅርጹ በሸሚዙ ላይ ይታያል። አውጥተው ቢያሰሙ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔም አብሬ አልቅ ነበር፤ የምክር ቤት ቃል የለወጠች የሰፋሪ ልጅ ተብዬ።

"የኔ ነው" አሉ።

ሁለት ቃል ብቻ። ሼህ አጠይብ ቀና ብለው ዲሳሳን እንኳ ሳይጠብቁ ፊታቸውን አዞሩ። ሰዉ አንድ በአንድ ተነሣ። ቁጭ ብዬ ቀረሁ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት" ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር። አፌ ውስጥ ነበር። ግን አልወጣም።

እርስዎም መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ካሴቱን አወጡና ጭኔ ላይ ባለው ፋይል ላይ አስቀመጡት። "ይሄ አንተ ጋር ይቀመጥ" አሉኝ። "ዝናብ መጣ። ቤት ግባ።"

በሚቀጥለው ምርጫ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሌላ ሰው ተላከ። እርስዎ እህትዎ ጋ መንጌ ሄደው እንደ ድሮው ወንዝ ወርደው ወርቅ እንደሚያጥቡ ሰማሁ። ጉዳዩ ለጥናት ተመራ ተባለ፤ አባቴም ሳይወዳደር ቀረ። ያደረግሁትን ለእሱ የነገርኩት ባለፈው ዓመት ነው። "በእኔ አፍ አናገርሻቸው ማለት ነው?" አለኝ። "እንዲያ ከሆነ ያን ማመልከቻ ባልጻፍሽልኝ።" ከዚያ ቀን ወዲህ የእርስዎ ስም ሲነሣ ከቤት ይወጣል።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ለሚቀጥለው ዙር ከወዲሁ ማን ይታጭ ብለው ማንጎው ሥር ተቀምጠው ነበር። አንድ ሰው ስምዎን እንዳነሣ፣ ሌላው "የሰፋሪ ወረቀት ተሸካሚ" ብሎ እንዳስጣለው ቢሮ ውስጥ ሰማሁ። የጽሕፈት መኪናዬን ሸፈንኩት። ካሴቱንና የጽሕፈት ቤቱን ቴፕ ይዤ ሄድኩ። አባቴ መንገድ ላይ አገኘኝና የት እንደምሄድ ሳይጠይቀኝ ቴፑን ተቀበለኝ፤ አብሮኝም ሄደ።

ያ መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ጭስ ነበር፤ ከፊታችን የሚሄደውን ሰው አላየውም፣ ሳሉን ብቻ እሰማለሁ። እንደ ደረስኩ በአማርኛ ጀመርኩ፤ የሚተረጉምልኝ ሰውም ተነሣ። ሼህ አጠይብ አስቀመጡት።

"እዚህ አገር ስንት ዓመትሽ ነው?" አሉኝ በአማርኛ።

"አሥራ ስድስት።"

"ታዲያ አንቺ ራስሽ ተናገሪ።"

አቶ ኻሚስ፣ እኔ ያለኝ በርትኛ የገበያ በርትኛ ነው። ጨው፣ ማንጎ፣ ስንት ነው፣ ጨምሪልኝ። በዚያው ተናገርኩ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይመስለኛል፦ "ወረቀት እኔ። ኻሚስ አይደለም። ኻሚስ አፍ ጥሩ፣ እኔ ጣለ። ኻሚስ እኔን ደበቀ።" ወጣቶቹ ሳቁ። እኔም መጨረሻውን ደገምኩት። ሼህ አጠይብ ሳይስቁ አንዷን ቃል አረሙኝ፤ አስተካክዬ አልኳት። ከዚያ በእጃቸው ወደ ቴፑ ጠቆሙ።

አባቴ ተጫነው። ድምፅዎ ወጣ። ያን ጊዜ ነው የሆነውን ሁሉ የረሳሁት፤ ጭሱ ውስጥ ቆመው እየተናገሩ ነበር የመሰለኝ። "እኔ አማርኛ ሰበረ" ሲሉ ሼህ አጠይብ ፈገግ አሉ። "ይሞክር፣ ይስበር" ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ቀጥለው ወደ አባቴ። አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር።

"መልሰው" አሉት።

መለሰው። አራት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ ሼሁ ለሁሉም፣ "ይሄ ኻሚስ ነው" አሉ። ለአባቴ ደግሞ፣ "አንተስ ትሞክራለህ?" አሉት። አባቴ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። "ይሳቅብኛል" አለ። "ይሳቅብሃል" አሉት ሼሁ፣ አጠገባቸውም ቦታ ለቀቁለት።

ሽማግሌዎቹ ጻፊ ያሉኝ ሁለት መስመር ነው፦ "ኻሚስ፣ ቃልህን ሰምተናል። ስምህን ልንልክ ነውና ና።" የቀረው ሁሉ የእኔ ነው።

ቢመጡም ባይመጡም መብትዎ ነው። ሦስት ዓመት ስም የተወሰደበት ሰው በሁለት መስመር እሺ እንዲል አልጠብቅም። ይቅርታ የሚለውን ቃልም እዚህ አልጽፈውም፤ ሲመጡ፣ ካልመጡም እኔ መንጌ ስመጣ፣ በበርትኛ እለዋለሁ። ቃሏን ከአንዲት የማንጎ ነጋዴ እየተማርኩ ነው፤ እስካሁን ምላሴ ላይ በትክክል አልተቀመጠችም።

መልስዎ እምቢ ከሆነም፣ ዲሳሳ ቴፕ አለውና ይናገሩበት። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። "አንተ" ካሉኝ "አንተ" ብዬ፣ ቢያስሉ "ሳል" ብዬ፣ ዝም ካሉም መስመሩን ባዶ ትቼ። ከእንግዲህ አንዲት ፊደል አልነካብዎትም።

አክባሪዎ
አስረሳሽ ቢሻው
አሶሳ፣ ጥር 1994 ዓ.ም.