የሚርያም ድንጋይ

ወላይታ ሶዶ፣
ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ብርድ ለባሽ፣ ሜላት፣

የዳሞታ ተራራ ጉሙን ከትከሻው ሳያወርድ ሰነበተ። እኛም ጉም ውስጥ ነን፤ ደህና ነን።

ስለምታጠኚው ሽማግሌ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ጎረቤቶች አላገባችም ወይ ሲሉኝ፣ ከሞተ መቶ ዓመት ካለፈው ፂማም ጋር ናት እላቸዋለሁ። ሰውዬሽ ቀን መድኃኒት ሲሸጥ ይውልና፣ ሲመቸው እርጥብ ገደል ሥር ተንበርክኮ በአጉሊ መነጽር ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበት ያያል። እኛ ጋ እንዲህ የሚንበረከክ ሰው ጸሎት ላይ ነው። በድንጋይ ከሰል ላይ ታትሞ የቀረ ቅጠል ሲያገኝ ማልቀሱን ግን ወደድኩለት።

ታዲያ ቅዳሜ አባትሽ ጌታነህ ሴራሚክ፣ ሲሚንቶና የሽቦ ብሩሽ በባጃጅ ጭኖ መጣ፤ የአያትሽን የሚርያምን መቃብር ሊያሳምር። ያ ለስላሳ አረንጓዴ ሽበት ድንጋይዋን ሸፍኖታል። ሰው እናታቸውን ጣሏት ይለናል ብሎ ብሩሹን ሲያነሳ፣ ሄጄ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

«አባ፣ ይነሱ እንጂ።»

«ይሄ ሥር እንኳ የለው፤ ጠል ጠጥቶ የሚያድር ነው። ልጅህ ናት የነገረችኝ።»

«ሜላት የምታጠናው ቅጠል ነው፤ እማዬን አይደለም።»

እጁን ያዝኩና ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩት። ጣቱ ከአረንጓዴው ሥር የስሟን ፊደል አገኘ።

«ለስላሳ ነው» አለ። ብሩሹን ወደ ባጃጁ መለሰው።

እሱ ሲሄድ እዚያው ሸለብ አደረገኝ። በህልሜ ሰውዬሽ ከጉሙ ውስጥ በጉልበቱ እየዳኸ መጣ። መነጽሩን ደቅኖ ሚርያምን አያት፣ አያት፤ ቀናሁ። ዳታ፣ የሚያቃጥለውን የቃሪያችንን ድልህ፣ አቀመስኩት፤ እንባውን በፂሙ ጠረገ። የየት አገር ሰው ናት አለኝ። እዚሁ ወላይታ፣ የቤሌ ናት አልኩት። ቀስ ብሎ ከሽበቱ ትንሽ ቆነጠረና በወረቀት ጠቅልሎ ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ገባ።

አባትሽ ሴራሚኩን አልመለሰውም፤ ጓዳ ደርድሮታል። ሴራሚኩን አይቶ እኔን ደጋግሞ ሲያይ ግን አይቼዋለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ሽማግሌሽ ጽፎ እንደሆነ ፈልጊልኝ፦ ከእሷ ድንጋይ ላይ ቆንጥረው ጎኗ በሚቆምልኝ አዲስ ድንጋይ ላይ ቢያኖሩት፣ ይይዛል? ስንት ክረምትስ ይፈልጋል? ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ ከሰማ ሐኪም ቤት ሊያመላልሰኝ ነው። ቶሎ ጻፊልኝ።

ጌታ እግርሽን ከሚያዳልጥ፣ ዓይንሽን ከሚያደክም ይሰውርልኝ። ደርቀሽ አትቅሪ፤ ዝናብሽን አይከልክልሽ።

አያትሽ፣
ሶርሳ