የዘይነባ ሞራ በጀልባዬ ላይ

ኅዳር 9 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ዓባይ ዳር

ዛሬ የጀልባዬን ስንጥቅ ሁሉ በሙጫ ደፈንሁ። ሙጫ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚፈረካከስ ሞራ አቅልጬ ቀላቀልሁበት። ሞራውን የሰጠችኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። በሬዋ በረሃብ ሳይወድቅባት አሳርዳው ነበር። ለልጆቿ መረቅ መሆን ሲችል፣ “እንካ፣ ጎጃም የሚያሻግረን ይኸ ነው” ብላ አመጣችልኝ።

ይኸን የሰሙት አጎቴ አያ ተሰማ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

“እስላም ያረደው ከብት ሞራ በተቀባ ጀልባ ክርስቲያን አይሳፈርም! ፍቀህ አንሳው!”

“አንቱ፣ ጀልባዋን ሊበሏት ነው እንዴ?” አልኋቸው።

ቆሞ የሚያየው ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን፣ “ካልፋቅኸው ገዝቼሃለሁ!” ብለው ሄዱ።

ገና ዳገቱን ሳይጨርሱ ደግሜ ቀባሁት፤ ከፊተኛውም አወፈርሁት። ግዝቱን እኔው እሸከመዋለሁ። ማዶ እህል አለ ይላሉ፤ እዚህ የቀረን ሥራ መቃብር መቆፈር ብቻ ነው።

ነገ ሙጫው ሲጠነክር ጀልባዋን ወንዙ ላይ አወርዳታለሁ። አያ ተሰማ ከተጸየፉ ዋኝተው ይምጡ። የልጅ ልጆቻቸውን ግን ከዘይነባ ልጆች ጎን አስቀምጬ መጀመሪያ የማሻግረው እነሱን ነው። ይከልክሉኝና እንተያያለን!