የኡሚ ዓረፍተ ነገሮች

የሱቅ መዝገብ፣ ወልቂጤ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ከአገና ሃያ ሁለት ሸክም ቃጫ ገባ። አራቱ እርጥብ ስለነበር መለስኩት። የጨው መኪና አልደረሰም።

የዛሬ ደብዳቤ ግልባጭ፦ ለውድ ባለቤቴ ለዘይባ፣ አዲስ አበባ።

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጃችን ኡሚ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። ትተሽው የሄድሽው ቀይ ሹራብ ልኳ ሆኖ ነበር፤ ለሠራተኛዋ ሰጠሁት።

መልእክትሽ ደርሶኛል። አጎትሽ ከድሮ ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሱቅ መጥቶ ተቀመጠ። ፈረንጅ መሥሪያ ቤት መቀጠርሽን፣ ሊያገባሽ የሚፈልግ ሰው ማግኘትሽንም ከእሱ ሰማሁ። "አንቂቱን አንሳላት፤ ትዳሯን ትያዝ። ልጇንም በክረምት እንድታያት ፍቀድላት" አለኝ።

ቃዲው የፍቺ ወረቀት ሊሰጥሽ እንደሚችል ዐውቃለሁ፤ ውሰጂው። ባል ራሱ ካላነሳው በቀር ሌላ እንዳታገቢ ያሰረሽን የአባቶች መሐላ፣ አንቂቱን ግን ወረቀት አይፈታውም። ሊያገባሽ የሚፈልገው ሰውዬ የአገራችን ልጅ ነው አሉ። እናቱ አንቂት ያለባትን ሴት ደጇን እንደማታስረግጥ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

"ሸረፋ" አለኝ ከድሮ፣ "ሴት አስሮ የሚጠብቅ ሰው እኮ የገመዱን ጫፍ ይዞ እሱም ታስሮ ይውላል።"

"ጋሼ ከድሮ፣ እኔ የቃጫ ነጋዴ ነኝ። ገመድ ይዞ መዋል እንጀራዬ ነው።"

ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ላስብበት ብዬ ሸኘሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ላነሳልሽ ወስኜ ነበር።

ከትናንት በስቲያ ግን ኡሚ ከትምህርት ቤት መጣች። የእንግሊዝኛ መምህራቸው አስረስ በትርጉም የሚቀራረቡ ቃላት እያስተማራቸው ነው። እኛ ቃጫን በደረጃ እንደምንለየው ፈረንጅም ቃሉን በደረጃ ይለየዋል። ቀጭን ለማለት እንኳ አንዱን ቃል ለማድነቅ፣ ሌላውን እንዲሁ ለመናገር፣ ሌላውን ደግሞ ለመስደብ ይጠቀምበታል። ነገሩን ወደድኩት፤ ደረጃ የሚያውቅ ሰው አይታለልም። እኔም በማታ ትምህርት ጥቂት ቀምሻለሁና የሠራሽውን አሳዪኝ አልኳት።

ሊቭ ማለት ትቶ መሄድ ነው። አባንደን ግን ጥሎ፣ ዞር ብሎ ሳያዩ መሄድ ነው። ለየቃሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ተብለዋል። ኡሚ አባንደንን የጻፈችው ገደል ዳር ስለቀረ የጭነት መኪና ነው። በሊቭ ደግሞ እናቴ ወደ አዲስ አበባ ሄደች ብላለች።

"አቀያይሪያቸው" አልኳት።

"ለምን አባ?"

"ደረጃው ተሳስቷል። መኪና ትተውት ይሄዳሉ፤ ልጅ ትቶ መሄድ ግን መጣል ነው።"

"አልጣለችኝም። ደብዳቤ ትልክልኛለች።"

"በማን በኩል?"

"በመምህር አስረስ" አለች።

ከሥር ሌላ ጥንድ ነበር። አሎን ማለት ብቻውን የሆነ ሰው ነው፤ ሎንሊ ብቻነቱ የሚያንገበግበው። ስለ እኔ የጻፈችው በሁለተኛው ነው።

"ይህን ከየት አመጣሽው?"

"አንተ እኮ እማ ትቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ ሰው እንዲቀመጥ አትፈቅድም" አለችኝ። ሠራተኛዋ እዚያው ቆማ ትሰማለች።

ትናንት መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። "ልጄ ሁለት ቦታ ተሳስታለች፤ ይረሙልኝ" አልኩት።

አነበበና "አቶ ሸረፋ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከክፍሉ ልዩነቱ በደንብ የገባት እንዲያውም እሷ ናት" አለ።

"የሚያርሙት እንግሊዝኛውን ነው ወይስ ቤቴን?"

"እንግሊዝኛውን ነው። ቤትዎን እሷ ናት የምታውቀው።"

ልጆቹ በመስኮት ያዩናል። አመስግኜው ወጣሁ። መምህሩ ደብዳቤ ማቀባበሉን ለትምህርት ቤቱ ሹሞች ነግሬያለሁ፤ ከእንግዲህ በእሱ በኩል አትላኪ።

አንቂቱን አላነሳም። የሰውየውን እናት ስም አጠያይቄ አግኝቼ፣ አንቂት ያለባት ሴት ከወንድ ልጇ ቤት ልትገባ መሆኑን በደህና ሰው አስነግሬያታለሁ። በሌላ ሰው አፍ ተጋኖ ከሚደርሳት ይህ ይሻላል ብዬ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈው ተቆጥቼ አይደለም። ጽሕፈቴን አይተሽ ፍረጂ።

መመለስ ከፈለግሽ በሩን ታውቂዋለሽ። በርጩማው እንዳለ ነው።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ።

ባልሽ ሸረፋ

ነገ፦ ኡሚን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ፣ በመጀመሪያው መኪና አረቅጥ እናቴ ዘንድ አደርሳታለሁ። እንሰት መፋቅ ትማራለች። ስመለስ በአገና አልፌ ቃጫ እጭናለሁ።