ሁለተኛው ልኬት፦ የአቶ ሀብተሚካኤል አበጋዝ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሀብተሚካኤል አበጋዝ ከአባታቸው ከአቶ አበጋዝ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ምናሉ ሰኔ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጣቢያው የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። አቶ ሀብተሚካኤል ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ጨርሰው፣ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምረው ከተመረቁ በኋላ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል አገልግለዋል። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፀዳል አባይነህ ጋር በተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሮማንንና ሊዑልን ወልደዋል።

በ2001 ከነቤተሰባቸው አሜሪካ፣ ዴንቨር ገቡ፤ ከዚህ ጀምሮ የሚጠቀሱት ዓመታት በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው። ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲሠሩ ቆይተው በ2006 አውሮራ በሚገኝ የብረት ዕቃ ቀለም ቤት የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛ ሆኑ። ሥራቸው ቀለሙን በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ሞልቶ ወደ ብረቱ የሚሰድደውን መርጫ መጠገን ነበር። በመርጫው ውስጥ ያለች ጣት የማታክል ሬዚስተር ኃይሉን ትገታለች። ከደከመች መርጫው ወደ ብረቱ ሲቀርብ ብልጭታ ይወጣል፣ የቀለሙም ትነት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሬዚስተሯን ይቀይራል፣ ሌላ ሰው ይለካል። ኃይል የመግታት አቅሟ ሲለካ ከ100 እስከ 150 ሜጋኦም ካልሆነ መርጫው ወደ ሥራ አይመለስም። የሚቀይሩት አቶ ሀብተሚካኤል፣ የሚለካው ደግሞ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነው እንዳልክ ነበር። እስከ ኦክቶበር 2016 በዚህ አሠራር አንድም እሳት አልተነሣም።

በዚያ ወር አንድ ቀን አቶ ሀብተሚካኤል አሮጌዋንና አዲሷን ሬዚስተር ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ በስሕተት አሮጌዋን መልሰው ገጠሟት። በመልክ አይለዩም። እንዳልክ መለኪያውን ሲያነሣ፣ «አንተ ልጅ፣ የእኔን ሥራ ደግሞ ልትፈትሽ ነው?» አሉት እየሳቁ። «ኧረ ጋሼ፣ ምን ቆርጦኝ!» ብሎ ሳይለካ አስቀመጠው። በማግሥቱ መርጫውን ያነሡት እዚያው ቀለም የሚረጩት የረጅም ዘመን ባልንጀራቸው አቶ ደምሰው ነበሩ። ብልጭታ ወጥቶ የተነሣው እሳት ቀኝ እጃቸውን አቃጠለው፤ ሁለት ጣቶቻቸው እስከ ዛሬ አይታጠፉም።

መለካት የእንዳልክ ኃላፊነት ነበርና ከሥራ የተሰናበተው እሱ ሆነ። ጋሼ እንዳይወቀሱ ብሎ አፉን አልከፈተም። አቶ ሀብተሚካኤልም ዝም አሉ። ለአለቆቻቸው እውነቱን የተናገሩት እንዳልክ ዕቃውን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው፤ ውሳኔው ግን አልተለወጠም። ያንን ዝምታ ሰው በደግ ሊተረጉምላቸው ሲሞክር፣ «ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም አታውጡለት» ይሉ ነበር።

ሽማግሌዎች በአቶ ደምሰው ቤት ተቀምጠው፣ «የሆነው ሆኗል፣ ከእንግዲህ አይነሣ» ብለው ሊያስታርቁ ነበር። አቶ ሀብተሚካኤል ግን እምቢ ብለው ሁሉንም ተናገሩ። አቶ ደምሰውም፣ «የጣቴን ይቅር ብዬሃለሁ። የልጁን እኔ ይቅር ልልህ አልችልም፤ ሄደህ ራሱን ጠይቀው» አሏቸው።

ሄደው ጠየቁት። እንዳልክ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ «ምን ይላሉ ጋሼ፣ እኔ ምንም አልያዝኩም» አላቸው። መልሱ አላሳረፋቸውም። መለኪያውን ያስቀመጠውም በዚሁ አክብሮት ነበርና፣ ይቅርታው ከልብ ይሁን ከይሉኝታ መለየት አልቻሉም። በ2019 ለአለቆቻቸው ደጋግመው አመልክተው እንዳልክ ወደ ሥራው ተመለሰ። አብረው ሠሩ፣ አብረው በሉ፤ ጥርጣሬው ግን አልለቀቃቸውም።

በማርች 2024 አንድ መርጫ ጠግነው አቀረቡ። እንዳልክ ለካው፤ 96 ሆነ። ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ «አላለፈም ጋሼ። ይፍቱትና ይድገሙት» ብሎ መለሰላቸው። «እግዜር ይስጥህ» ብለው ተቀበሉት። ቤት ሲገቡ ለወይዘሮ ፀዳል፣ «ዛሬ እንዳልክ ይቅር አለኝ» አሏቸው። «ሥራህን ስለጣለብህ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «አዎ፣ ስለጣለብኝ» አሉ።

ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ይህ ሁሉ ሳይቀነስ እንዲነበብ ያዘዙት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ በመካከላችን ያሉት አቶ ደምሰውና እንዳልክም ፈቅደዋል። በሰው ፊት ያመኑትን እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበልላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

እንዳልክ የመለሰላቸውን መርጫ በማግሥቱ ደግመው ጠግነው አስረክበዋል። መርጫው አሁንም በሥራ ላይ ነው። ከትናንት በስቲያ ሲለካ 118 ሜጋኦም ነበር።