የነቀልኩት ሶኬት

ለውድ አባቴ ለመምህር ባዘዘው፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ የደብረ ማርቆስን ብርድ ቻለው? መነጽርዎስ ተቀየረ? እኔ እዚህ አርባ ምንጭ ከሲቀላ ሰፈር ሙቀት በቀር የሚያጉላላኝ የለም፤ ነገር ግን አንድ ጉዳይ ከብዶኛል። በስልክ ልነግርዎ ሁለቴ ጀምሬ፣ ሁለቴም ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁ።

ሥራዬን ያውቁታል፤ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም እፈትናለሁ። የውስጠኛውን ሰዓት የሠራችው ቤተል የምትባል፣ የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች የጨንቻ ልጅ ናት። ሰዓቱ አሥር ሰከንድ ሲቆጥር በእኛም ሰዓት አሥር መሆን አለበት። አንዳንድ ቀን ግን አሥራ አራት ይመጣል። ቆይቼ ስደግመው ያልፋል። ቤተል ሁለት ወር ፈልጋ ምክንያቱን አጣችው። አለቃችን ዘርአብሩክ ሲጠይቀኝ የልጅቷ ሥራ አይታመንም ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ተሰናበተች።

ማክሰኞ ዕለት መብራት ሲርገበገብ እንደ ልማዴ ብድግ ብዬ የመፈተኛውን ላፕቶፕ ከሶኬት ነቀልኩ። እማዬ ፍሪጁ እንዳይቃጠል ስትሮጥ እያየን ስላደግን ማንም ሳያዘኝ እጄ ቀድሞ ይሄዳል። ፈተናው አላለፈም። መብራቱ ሲረጋ መልሼ ሰካሁት፤ አለፈ። ነቀልኩት፤ አላለፈም። አሮጌው ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የቤተል ሰዓት ደግሞ የሚቆጥረው በዚያው ፍጥነት ነው። መቼ እንደምነቅል ብነግራት ኖሮ በአንድ ቀን ታርመው ነበር። እኔ ግን ሶኬት መንቀል የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ወዲያው ተናዘዝኩ ብልዎ ደስ ባለኝ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ፤ አፈርኩ፤ ለእንጀራዬም ፈራሁ። ሐሙስ ለዘርአብሩክ ነገርኩት። ብዙ አልተቆጣም፤ ቤተልን መልሶ ጠራት።

ትናንት ኩልፎ ወንዝ አጠገብ ወደተከራየችው ቤት ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። አስገብታ ሙዝ አቀረበችልኝ። ሁለት ወር ሙሉ ይህ ሥራ ለእኔ አልተፈጠረም እያለች ራሷን ስትወቅስ እንደከረመች ነገረችኝ። ስለ ይቅርታዬ ግን ምንም አላለችም። ሰኞ ትመለሳለች፤ ወንበሯ ከእኔ ጎን ነው።

እማዬ አሰፋሽን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ለታናሼ ለቴዎ በትምህርቱ እንዲበረታ ንገሩልኝ። ጎረቤታችንን ጋሽ ሀብተጊዮርጊስንም ሰላም በሉልኝ። አባዬ፣ በሠላሳ ዓመት የመምህርነት ዘመንዎ አንድ ተማሪ ያለ ጥፋቱ ቀጥተው ያውቁ እንደሆነ፣ በማግስቱ ክፍል እንዴት እንደገቡ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ማዕዶት
አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.