ማርላ ሴጅን የጋለበችበት ምሽት

ሞንታና፣ ከቤታችን
ጁላይ 6 ቀን 1991

ለምወድህ ለሃርላን፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ የአላስካው ብርድ ሳይጎዳህ፣ በደህና እንዲያገኝህ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። የመጀመሪያውን ድርቆሽ ዝናብ ሳይነካው አጭደን አስገብተናል። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ግን ሥራ አለብኝ ብሎ ወደ በረቱ ይጠፋል። ጢሜን እስካሁን ራሴ ነው የምላጨው በይልኝ ብሎሃል።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ሐሙስ ማታ ወደ ሮዲዮው፣ ወደዚያ የፈረስና የኮርማ ግልቢያ ትርኢት ሄደን ነበር። ለማየት አይደለም፣ ልንጋልብ። እኔም ጭምር። አሁን እየሳቅክ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዘንድሮ አዘጋጆቹ ኮርማ ጋላቢዎቹ ከመግባታቸው በፊት ቤተሰቦች አብረው ሜዳውን በፈረስ እንዲዞሩ ጠርተው ነበር። ጎረቤታችን ሊታ ደውላ እናንተስ ስትለኝ ወዲያው አይሆንም አልኳት። ማርላ ከወደቀች ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እግሯ እርካብ ረግጦ አያውቅም። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ልጅቷ ከኋላዬ ቆማለች። እጋልባለሁ አለችኝ። በየትኛው ፈረስ አልኳት።

"በሴጅ" አለች።

ያችው የጣለቻት ዳማ ባዝራ። አንተ ከግቢ ትውጣ ስትል፣ አባትህ ፈረሷ ምን አጠፋች ብሎ ያስቀራት። ለካ ልጅህ ከበረዶው መቅለጥ ጀምሮ በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት ወደ ግጦሹ እየወረደች ጋማዋን ታበጥርላት ኖሯል። "ለካ" ማለቴ ውሸት ነው፤ ከማድ ቤቱ መስኮት ሆኜ አያት ነበር። እንዳትተወው ፈርቼ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ማታ ሰማዩ ገና ብሩህ ነበር። አባትህ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ በአሮጌው ፈረሱ ላይ ተሰየመ። ለእኔ ሊታ አንድ ገራም ነው የተባለ ግራጫ ፈረስ አዋሰችኝ። ከኮርቻው ፊት ያለውን የመያዣ ቀንድ በሁለት እጄ ጨምድጄ ስይዝ አባትህ አየኝና፣ "ናዲን፣ ኮርቻውን እንዲህ አትነቂው፤ እሱ የትም አይሄድም፣ የሚሄደው ፈረሱ ነው" አለ። ከኋላችን የተሰለፉት ሁሉ ሳቁብኝ።

ግማሹን ዙር በሰላም ሄድን። ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ማርላ ከፊቴ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ትሄዳለች። ከኮርማዎቹ በር አጠገብ ስንደርስ ድምፅ ማጉያው ጆሮ በሚሰነጥቅ ጩኸት አንባረቀ። ከፊት የነበሩት ፈረሶች ደነበሩ። የኔው ገራም ፈረስም ሽቅብ ተነሣብኝ። ሴጅ ወደ ጎን ስትዘል አየኋት። እኔ የኮርቻውን ቀንድ ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ።

ማርላ አልጮኸችም፣ ልጓሙንም አልጎተተችም። እጇን ዝቅ፣ ተረከዟን ዝቅ አደረገች፤ ልክ አንተ እንዳስተማርካት። ባዝራዋን በጠባቡ አንድ ዙር አዞረቻትና አቆመቻት። ሴጅ ከአንገቷ እስከ ጭኗ ትንቀጠቀጣለች፣ ግን ቆመች። ከዚያ ማርላ ወደ እኔ መጣች።

"እማዬ፣ ልጓሙን ስጪኝ" አለችኝ።

ሰጠኋት። በቀኝ እጇ የራሷን፣ በግራ እጇ የእኔን ፈረስ ይዛ፣ የቀረውን ግማሽ ዙር እየመራች አስጨረሰችኝ። ሃርላን፣ እናቷ ነኝ፤ ግን እንደ ሕፃን ተከተልኳት። አባትህ አቧራ ገባብኝ እያለ ዓይኑን ሲጠርግ ነበር። ከመግባታችን በፊት ውሃ የተረጨ ሜዳ ነው፤ ምንም አቧራ አልነበረውም።

ፈረሶቹን ካሰርን በኋላ ከመኪናው ኋላ ተቀምጠን የተጠበሰ ቋሊማ በዳቦ በላን። አባትህ ኮርማዎቹን ለማየት ሲሄድ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ያኔ ነው ማርላ ምግቧን አስቀምጣ የነገረችኝ። የወደቀች ዕለት አንተ ባዝራዋ ተረብሻለች፣ ዛሬ እንዳትወጪባት ብለሃት ነበር። አንተ አጥሩን ልትጠግን ዞር ስትል ነው እሷ የወጣችባት።

"አባዬ ፈረሷ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ ሲልሽ ሰምቻለሁ" አለችኝ። "እግሬ ያመኝ ስለነበር ዝም አልኩ። በኋላማ እንዴት ብዬ ልናገር?"

በዚያ በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ማን አወጣት ብዬ ስጠይቅህ ባርኔጣህን በእጅህ ይዘህ "እኔ" አልከኝ። እኔም ያልኩህን አልኩህ። እዚህ ላይ ልደግመው አልፈልግም፤ አንተ ግን እንደማትረሳው አውቃለሁ። አንድ ቃል ሳትመልስ ወጣህ። ለሦስት ወር ሥራ ብለህ የሄድከው ሁለት ዓመት ሆነ። ለማርላ ልደት ትጽፋለህ፤ ለእኔ ግን ሰላምታ ብቻ። አልፈርድብህም።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እግሯ ተሰብሮ ተኝታ በዚያ ላይ የእናቷን ቁጣ እንዳትሸከም፣ ሁሉንም አንተ ተሸከምከው። ይቅር በለኝ። አመሰግንሃለሁም። ለዚያ ዝምታህ አመሰግንሃለሁ፤ ሐሙስ ማታ ኮርቻው ላይ ላቆያት ትምህርትህም አመሰግንሃለሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

አንድ ነገር አደራ። ማርላ ይህን እንዳልጽፍልህ ለምናኝ ነበር። ራሷ ፊት ለፊት ልትነግርህ ትፈልጋለች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ከወዲሁ እየተለማመደች ነው፣ በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። ስለዚህ ወደ ቤትህ ና፤ ስትነግርህም ምንም እንዳልሰማ ሆነህ፣ ሳታቋርጥ ስማት።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ።

ያንተው
ናዲን