ለቁም ሰው የተነፋ ጥሩምባ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ዋሸሁ። ሹፌሩን «ሊያስመልሰኝ ነው፣ አቁምልኝ» አልኩት። ከወልድያ ለቅሶ ደርሰን ወደ መርሳ ስንመለስ ነው። ሲሪንቃ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ወረድኩና መንገድ ዳር አጎነበስኩ፤ ምንም አላስመለሰኝም። ባለቤቴ ይመር «ልደግፋት» ብሎ ተከትሎኝ ወረደና ከቁጥቋጦው ጀርባ ገባ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ግንባሩ ላብ አውጥቶ ነበር። ተማሪ ሲዋሽ ስቀጣ ያረጀሁ መምህርት፣ ዛሬ ለባሌ ሽንት ብዬ ዋሸሁ።

ቤት ገብተን ተጣላን። እሱ «ብርድ ነው» ይላል። ይኼን ብርድ ከጀመረው ክረምት አልፎ ክረምት መጥቷል። ሌሊት እየተነሳ ስለሚያስቸግረው ከሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት ትቷል። ወንድሜ እሸቱም ብርድ ነው ይል ነበር። ወገቡን አሞት በሰው ተደግፎ ሐኪም ቤት ሲገባ በሽታው አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። የፕሮስቴት ካንሰር። «ምነው ቀደም ብላችሁ ባመጣችሁት» ያሉን አይረሳኝም።

«ሆስፒታል እንሂድ» አልኩት።

«ሰው ሲሞት የማስቀብር የቅሬ ዳኛ ነኝ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ከሞትክ የሚሉህን አትሰማም።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

አልሄድንም። እኔም አልጨቀጨቅኩም። ጥሩውን ኮቱን አውጥቼ ቦረሽኩና መውጫው በር ላይ ሰቀልኩት። ሲወጣ ትከሻው ይነካዋል፣ ሲገባ ይነካዋል። ቀኑን ሙሉ እንዳላየ ሆነ። ራት ላይ፣ «ነገ እለብሰዋለሁ፤ አሁን ከዚያ አውርጂልኝ» አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ወልድያ ሆስፒታል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ግን ሥርዓት ያለው። «አባቴ፣ ሽንትዎ ይቆራረጣል? ለመጀመር ያስቸግርዎታል?» ይመር እኔን አየ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ለእኔ ያልነገረኝንም ጭምር።

ለምርመራው አስወጡኝ። በጓንት፣ በጣት፣ በመቀመጫ በኩል ነው የሚታየው። ሲወጣ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

ሐኪሙ ያስረዳንን ሳልረሳው ልጻፍ። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለ የወንድ ዕጢ ነው። በዕድሜ ያብጣል፤ ያበጠ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ካንሰሩ ግን ሲጀምር ላያም፣ ምንም ምልክትም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሃምሳን ያለፈ ወንድ እስኪያመው ሳይጠብቅ ሐኪም ያማክር። አባቱን ወይም ወንድሙን የያዘው ደግሞ ከዚያም ቀደም ይበል። ይኼን ስሰማ የእሸቱ ልጆች ትዝ አሉኝ። ማታ ደወልኩላቸው።

የይመር ዕጢ አንድ ጎኑ ጠጠር ብሏል። ደሙ ደሴ ተልኮ ይመረመራል። ሰኞ ተመለሱ ተባልን።

በመንገድ ላይ፦ «ለሰው ብታወሪ፣ አስካለ፣ ወየውልሽ!»

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

አላወራሁም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲስተር ዘይነብን በደፈናው ጠየቅኳት እንጂ። ወንዶችን ስለዚህ በሽታ ልታስተምር ጠርታቸው ሚስቶቻቸው መጡ አለችኝ። «እትዬ፣ ወንዶቹን ከየት ላምጣቸው?»

የመርሳ ወንድ ለምን እንደሚሰበሰብ አውቃለሁ። ለቀብር። ቅሬያችን ክርስቲያን እስላም ሳይል ሁሉንም ይቀብራል፤ የቀረ ይቀጣል። ማታ ይመርን ለመንኩት። አጉረመረመ፤ ግን ፈቀደ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቅሬው ዳስ። ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ፦ የእሱ ስም እንዳይነሳ፣ ጥሩምባም እንዳይነካ። ጥሩምባ ለሞት ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

የቅሬያችንን ለፋፊ ሰይድን አስጠራሁት። «በአፍህ ብቻ» አልኩት። «ወንዶች በሙሉ እሁድ ለጤና ጉዳይ ዳስ ኑ ትላለህ።» እንደ ተማሪ አስደገምኩት። አንድም ሳያጎድል ደገመው። በሰጠሁት ትምህርት ረክቼ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ጉድ ሆንን። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ። እዚያው እኛ በር ላይ!

ከጥሩምባው ሌላ ሰይድ የለፈፈውን የሰማ ሰው የለም። ረቡዕ ይመርን ሆስፒታል ያዩት ሰዎች አሉ። ሁለቱን ገጣጥመው ጨረሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመው መጡ። ጎረቤታችን ወርቄ «ወይኔ ጋሼ ይመር! ወይኔ ደጉ!» እያለች ደረቷን ትመታለች።

ይመር ጓሮ ጢሙን ሲላጭ ነበር። በግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደተለቀለቀ ወጥቶ በሩን ከፈተ። ወርቄ ጮኻ ተቀመጠች።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ ይመር።

እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ብረት ከተሸከሙት አንዱ፣ ሙሄ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እርስዎ ነዎት አሉን፣ ጋሼ» አለ።

ሰይድ ጥሩምባውን ከጀርባው ደብቆ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያለሱ ልለፍፍ ብል አፌ እምቢ አለኝ» አለ።

አሁን ተቆጣ ብዬ ቆምኩ። ይመር ብረቱን አየ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። ሳሙናውን በክንዱ ጠረገ።

«ከመጣችሁ አይቀር ግቡ። የተጠራችሁበትን እኔው ልንገራችሁ።»

ነገራቸው። ሽንቱን፣ ሌሊቱን፣ ሲሪንቃን፣ የሐኪሙን ጣት። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ወርቄ እንባዋን ሳትጠርግ መሳቅ ጀመረች።

«ያማል?» አለ ሰይድ።

«ከማፈሩ አይብስም።»

እሁድ፣ ኅዳር 9

ዳሱ ሞልቶ በውጭም ቆሙ። ሲስተር ዘይነብ ግልጽ አድርጋ ተናገረች። አንድ ሽማግሌ «ይኼ የባለጌ ወሬ ነው» ብለው ወጡ፤ አጥሩን ተደግፈው ግን እስከ መጨረሻው ሰሙ። አንዱ ተነሥቶ «ያ በሽታ» እያለ ጠየቀ። አላስቻለኝም። «ስም አለው። የፕሮስቴት ካንሰር በል!» አልኩት። አለ። ሁሉንም አስባልኳቸው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ነገሩን በስሙ ያልጠራ ተማሪ አይቀመጥም ነበር።

«እትዬ፣ አለንጋም ይዘዋል?» አለኝ ሙሄ።

«ካስፈለገ አመጣለሁ» አልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ወልድያ ደርሰን መጣን። ሰይድ፣ ሙሄና አንድ ሌላ የቅሬ ሰው ለምርመራ አብረውን ሄዱ። እኒያ አጥር የተደገፉት ሽማግሌም «የወልድያው መኪና የሚነሳው ስንት ሰዓት ነው?» ብለው በሰው አስጠይቀዋል።

የይመር የደም ምርመራ ቁጥሩ መሆን ከሚገባው በላይ ነው። ይኼ ብቻውን ካንሰር ነው አያሰኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ደሴ ሄዶ ከዕጢው ናሙና ይወሰዳል። ፈራሁ፤ አልደብቅም። ሐኪሙ፣ «ቢሆን እንኳ ገና ከቦታው የወጣ አይመስለኝም። በጊዜ መጥተዋል» አለን። «ይመስለኛል፣ አይመስለኝም» የሚል መልስ ከተማሪ ተቀብዬ አላውቅም። ዛሬ ተቀበልኩ።

ይመር ከመሳፈራችን በፊት አንድ ጠርሙስ ውሃ ገዝቶ ጨልጦ ጠጣ። ጉዱን ሲሪንቃ አየዋለሁ አልኩ በልቤ። ስንቃረብ ለማስመለስ ተዘጋጀሁ። አፌን ሳልከፍት ከጎኔ ጮኸ፦

«ሹፌር፣ አቁም! ሽንቴ መጣ!»

ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ዞሮ አየው።

«እኔንም!» አለ ሰይድ ከኋላ። ሌሎቹ ሁለቱም ተነሡ።

እኔ ዘንቢሌን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። አራቱ የታጨደውን የጤፍ ማሳ ፊት ለፊት እያዩ በተርታ ቆሙ። ሦስቱ ተመለሱ። ይመር ቀረ። ሹፌሩ ሰልችቶት የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ፤ ደገመ።

ይመር ሳይዞር እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ገና ነኝ!»